ሐር የለበሱ ጥራዞች፦ ስለ ቻይና ቤተ መንግሥት የመጽሐፍ ጥረዛ ጥበብ

በ1787 የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ፣ ሉ ፌይቺ በተባለ ሹም ላይ ያሳለፈው ፍርድ በመጻሕፍት ታሪክ ውስጥ አምሳያው እምብዛም አይገኝም (ዘመናቱ፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሹሙ «ሲኩ ቹዋንሹ» በሚባለው ግዙፍ የቤተ መንግሥት የመጻሕፍት ስብስብ ሥራ ላይ ለብዙ ዓመታት የእርማት ኃላፊ ሆኖ ሲያገለግል የኖረ ሊቅ ነበር። በዚያ ዓመት ግን በተጠናቀቁት ጥራዞች ውስጥ የግልበጣ ስሕተትና ሥርወ መንግሥቱን የሚያስቀይም ጽሑፍ ተገኘ። ቅጣቱም እንዲህ ሆነ፦ በደቡብ ለሚገኙት ለሦስቱ ቤተ መጻሕፍት፣ ማለትም ለያንግጆ፣ ለጄንጂያንግና ለሀንጆ፣ የተዘጋጁት ቅጂዎች የሽፋናቸው፣ የጥረዛቸው፣ የእንጨት ሣጥናቸውና በሣጥኑ ላይ የሚቀረጸው ጽሑፍ ወጪ ሁሉ ከሉ ፌይቺ ኪስ እንዲከፈል ታዘዘ። ሹሙ በ1790 ሞተ። ከሞተም በኋላ ሀብቱ ተወረሰና ለቤተሰቡ የተተወለት አንድ ሺህ ወቄት ብር ብቻ ነበር።

የመጽሐፍ ልብስ አንድን ቤተሰብ ለማራቆት በቃ ማለት ነው። በዛሬው ዘመን በሙዚየም መስተዋት ውስጥ የተቀመጡትን የቻይና ቤተ መንግሥት ጥራዞች የሚጎበኝ ሰው ከሐሩ ልስላሴና ከሣጥኑ ጥራት በስተጀርባ ይህ ዓይነት ታሪክ መኖሩን የሚነግረው መግለጫ ብዙ ጊዜ አያገኝም። የዐውደ ርእይ መጽሔቶች ስለ ግምጃው ቀለም፣ ስለ ሽመናው ረቂቅነት፣ ስለ ወርቁ ድምቀት በሰፊው ያትታሉ። በአንጻሩም እነዚህን ሥራዎች በጅምላ «የፊውዳል ቅንጦት» ብሎ የሚያልፍ ችኩል ሂስ አለ። የመጀመሪያው አመለካከት ዕቃውን ከሠሪው ይነጥላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሠሪውን ከአሠሪው ጋር አብሮ ይቀብራል። ሁለቱም ጥረዛን እንደ ቆዳ ብቻ ስለሚያዩት ከቆዳው ሥር ያለውን የእጅ ሥራ ሳይመረምሩት ይቀራሉ።

የቻይና መጽሐፍ ከመነሻው ጥራዝ አልነበረም። ከቀርከሃ ስንጥቅ፣ ቀጥሎም ከሐር፣ በመጨረሻም ከወረቀት የተሠራ ጥቅል ነበር። በሱይ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ በሰባተኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ፣ የንጉሠ ነገሥት ያንግ ቤተ መጻሕፍት ጥቅሎቹን በማዕረግ ይከፍላቸው ነበር። የአንደኛው ደረጃ ቅጂ መጠቅለያ ዘንግ ጫፍ ከቀይ ብርጭቆ መሰል ማዕድን፣ የሁለተኛው ከጥቁር ሰማያዊ፣ የሦስተኛው ደግሞ የዛፍ ሙጫ ከተቀባ እንጨት ይሠራ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በታንጉ ንጉሠ ነገሥት በሹዋንዞንግ ዘመን (712–756)፣ ዘንጉም ጥብጣቡም ይበልጥ ውድ ሆነ፤ ነገር ግን አሠራሩ ተለወጠ። ለጥንታውያን ቅዱሳት ድርሳናት ነጭ የዝሆን ጥርስ ዘንግ፣ ቢጫ ጥብጣብና ቀይ መለያ ተሰጣቸው። ለፈላስፎች ሥራ የተቀረጸ ሰንደል እንጨትና ሐምራዊ ጥብጣብ ዋለ። ታሪክና ሥነ ጽሑፍም የየራሳቸውን ቀለም አገኙ።

ይህ ለውጥ ቀላል አይደለም። በሱይ ዘመን የነበረው ጌጥ የቅጂውን ማዕረግ ብቻ ይናገር ነበር፤ የታንጉ ጌጥ ግን ሥራ ያዘ። በመደርደሪያው ላይ ተጋድሞ ጫፉ ብቻ ከሚታይ ብዙ ሺህ ጥቅል መካከል የመጽሐፍ ቤቱ አገልጋይ የሚፈልገውን ዘርፍ ከተንጠለጠለው መለያ ቀለም ይለየዋል። ከዚያ ወዲያ በቤተ መንግሥቱ የጥረዛ ጥበብ ውስጥ መልካም የሆነው ሁሉ ከዚህ ዓይነት የጌጥና የአገልግሎት ጋብቻ የተወለደ ነው። ጌጡ አገልግሎቱን ሲከዳ ደግሞ፣ ወደ ኋላ እንደሚታየው፣ የጥበቡም ድካም አብሮ ይጀምራል።

ጥቅሉን ለማንበብ ሁለት እጅና ሰፊ ጠረጴዛ ያስፈልጋል። መካከሉ ላይ ያለን አንድ ቃል ለመፈለግ ግማሹን መተርተር ግድ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ የአማርኛ አንባቢ «ሰንሱል» ብሎ የሚያውቀውን ዓይነት ቅርጽ ያዘ፤ የቡድሃ ጸሎት መጻሕፍት ይህንኑ ቅርጽ ለብዙ ዘመን አልለቀቁም። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ሲስፋፋ፣ «የቢራቢሮ ጥረዛ» የሚባለው ተከተለ። በአንድ ገጹ ብቻ የታተመው ወረቀት ጽሑፉ ወደ ውስጥ እንዲሆን ከመካከሉ ይታጠፍና እጥፋቱ በጀርባ በኩል በማጣበቂያ ይያያዛል። መጽሐፉ ሲገለጥ ቅጠሎቹ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ይዘረጋሉ። ለዓይን ደስ ያሰኛል፤ ዳሩ ግን አንባቢው ከሁለት የተጻፉ ገጾች በኋላ ሁለት ባዶ ገጾች ያጋጥሙታል።

ቀጥሎ የመጣው መፍትሔ በቀላልነቱ የሚያስደንቅ ነው። ወረቀቱን በተቃራኒው አጠፉት። እጥፋቱ ወደ ውጭ፣ ልቅ ጫፉ ወደ ጀርባ ሆነ፤ ባዶው ገጽ ውስጥ ተደበቀ። ልቅ ጫፎቹን ለመያዝ ከጀርባው ጠርዝ ገባ ብሎ በወስፌ ቀዳዳ ይበሳና ከጠንካራ ወረቀት የተገመደ ቀጭን ጉንጉን ይገባበታል፤ ጫፎቹም በመዶሻ ይደለቃሉ። በመጨረሻም አንድ ወጥ ሽፋን ከፊት ተነሥቶ ጀርባውን ዞሮ እስከ ኋላ ይለጠፋል። ይህ «ጀርባ ጠቅላይ» ሊባል የሚችለው ጥረዛ ነው። ዮንግሌ ዳዲየንና ሲኩ ቹዋንሹ፣ የቤተ መንግሥቱ ሁለት ታላላቅ የእጅ ጽሑፍ ስብስቦች፣ የተጠረዙት በዚህ መንገድ ነው። ከውጭ አንድም ክር፣ አንድም ቋጠሮ አይታይም። ሐሩ ብቻ ይታያል። ለግርማ ሞገስ የተመረጠ መሆኑ ያስታውቃል።

ነገር ግን ከ16ኛው መቶ ዓመት ግድም ጀምሮ ገበያው ሌላ መንገድ መርጦ ነበር። ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወር፣ ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ቀንና ሌሊት የሚያገላብጠው መጽሐፍ በጀርባው ላይ የተለጠፈው ሽፋን ቶሎ ይላቀቅበታል። ስለዚህ ሽፋኑን ፊትና ኋላ ከፍለው በአራት ቀዳዳ በክር ሰፉት። ክሩ ሲበጠስ ማንም በመርፌ መልሶ ይሰፋዋል። የስፌቱም ሐሳብ ራሱ ከቤተ መንግሥት የወጣ አይደለም፤ በዱንሁዋንግ ዋሻ ከተገኙት ቅርሶች መካከል በዘጠነኛውና በዐሥረኛው መቶ ዓመት ተራ ሰዎች ለግል ጸሎታቸው የሠሯቸው፣ አንዳንዶቹ በማጣበቂያ የተያያዙ፣ አንዳንዶቹም በክር የተሰፉ ትንንሽ ደብተሮች አሉ። ከነዚህ ደብተሮች አንዱን የ83 ዓመት ሽማግሌ በ906 ደሙን ከቀለም ጋር ቀላቅሎ እንደጻፈው በመጽሐፉ ላይ ሰፍሮ ይገኛል። ቤተ መንግሥቱ ለኅትመት ሥራዎቹ የተሰፋውን ጥረዛ ተቀበለ፤ ለታላላቆቹ የእጅ ጽሑፎች ግን በአሮጌው ጸና። እዚህ ላይ የገዢው መደብ ጣዕም ከሥራ ልምድ ወደ ኋላ መቅረቱን መካድ አይቻልም።

ከሐሩና ከወርቁ ይልቅ የዚህን ጥበብ ጥልቀት የሚያሳየው ግን ማጣበቂያው ነው። ጠራዦቹ የስንዴ ዱቄት በውኃ እያሹ የሚለጠጠውን ክፍል ያስወግዱና የቀረውን ነጭ ስታርች በእሳት ያበስሉታል። በጣም ከወፈረ ወረቀቱ ይኮማተራል፤ በጣም ከቀጠነ አይዝም። ልኩን የሚያውቀው እጅ ብቻ ነው። የዚህ ማጣበቂያ ታላቁ ባሕርይ ደግሞ በውኃ መልሶ መላቀቁ ነው። ጠራዡ ሲለጥፍ ከመቶ ዓመት በኋላ ለሚመጣው አዳሽ በር ትቶለት ይሄዳል ማለት ይቻላል። በሚንግ ዘመን መጨረሻ ስለ ሥዕልና ጽሑፍ ልባጥ ሥራ መጽሐፍ የጻፈው ጆ ጂያጆ የአሮጌ ሥራ እድሳትን ከበሽተኛና ከሐኪም ጋር ማመሳሰሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ያላዋቂ ሐኪም ይገድላልና። የዚህ ማጣበቂያ ጠንቅም አለው፤ ነፍሳት ይወዱታል። ብዙ ማጣበቂያ የሚጠይቀው ጀርባ ጠቅላዩ ጥረዛም ለዚህ ጠንቅ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ዮንግሌ ዳዲየን በ1403 ታዞ በ1408 የተፈጸመ መድበለ ዕውቀት ነው። ከ2,000 የሚበልጡ ሊቃውንት ደክመውበታል። 11,095 ጥራዝ፣ 370 ሚሊዮን ያህል የቃል ምልክት አለው ይባላል። በ1557 ቤተ መንግሥቱን እሳት በበላው ጊዜ ለጥቂት ከተረፈ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ጂያጂንግ ሁለተኛ ቅጂ እንዲዘጋጅ አዘዘ። ከ100 የሚበልጡ ጸሐፊዎች እያንዳንዳቸው በቀን ሦስት ቅጠል እየገለበጡ ከ1562 እስከ 1567 ሠሩት። ዛሬ በዓለም ላይ የተረፉት 400 ያህል ጥራዞች ከዚህ ከሁለተኛው ቅጂ ናቸው፤ የመጀመሪያው የደረሰበት አይታወቅም።

በሥራ ደረጃ ሲመዘን ከቤተ መንግሥቱ ጥራዞች ሁሉ ብልጫው የዚህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጥራዙ ቁመቱ 50፣ ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሽፋኑ በበርካታ ወረቀት ንብብር የደነደነና ቢጫ ሐር የለበሰ ነው። ቢጫው የንጉሠ ነገሥቱ ቀለም ነው፤ ከዚህ በቀር ግን ወርቅም ዕንቁም የለበትም። በሽፋኑ ግራ በኩል የመጽሐፉ ስምና ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ቁራጭ ተለጥፏል። ሲገለጥ ነጩ ወፍራም ወረቀት፣ ቀይ የመሥመር ክፈፍ፣ ጥቁር ጽሑፍና በቀይ ቀለም የተጻፉ የመጻሕፍት ስሞች ይታያሉ። ቀዩ የተጠቀሰውን ምንጭ ከጥቅሱ ይለያል። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ምክንያት የገባ ነገር የለም። መጠኑ ግርማ አለው፤ ግርማውም ዓይንን አያደክምም።

ታዲያ በእያንዳንዱ የጂያጂንግ ቅጂ ጥራዝ መጨረሻ ላይ የዋና አራሚው ሹም ስም፣ የክፍል አራሚው ስም፣ የጸሐፊው ስም፣ ነጥብና ምልክት ያደረገው ተማሪ ስም ሳይቀር ሰፍሯል። የጠራዡ ስም ግን የለም። ዝርዝሩ የተዘጋጀው ለክብር ሳይሆን ስሕተት ሲገኝ ተጠያቂውን ለመያዝ መሆኑ እውነት ነው፤ ጠራዡ ለቃል ስሕተት አይጠየቅምና ስሙ ሳይፈለግ ቀረ። ሆኖም መጽሐፉን በአራት መቶ ተኩል ዓመታት ውስጥ አንድ አካል አድርጎ ያቆየው የእሱ እጅ ነው። በቤተ መንግሥቱ ዓይን ብዕር የያዘ ሰው ሰው ነው፤ ወስፌ የያዘ ግን እንደ ወስፌው መሣሪያ ነው።

ሲኩ ቹዋንሹ ሌላ ጉዳይ ነው። በ1773 ሥራው ተደራጅቶ የመጀመሪያው ቅጂ በ1782 መግቢያ ላይ ተጠናቀቀ። ከ3,400 በላይ ድርሳናትን በ36,000 በላይ ጥራዝ ያቀፈ ሲሆን ከ3,800 የማያንሱ ገልባጮች ተሳትፈውበታል። በጠቅላላው ሰባት ቅጂ ተዘጋጀ። በቀለም አመዳደቡ የታንግን ልምድ ወርሶ አሻሻለው። ለቅዱሳት ድርሳናት አረንጓዴ፣ ለታሪክ ቀይ፣ ለፈላስፎች ሰማያዊ፣ ለሥነ ጽሑፍ ግራጫ ሐር ዋለ፤ አራቱም በቅደም ተከተላቸው ጸደይን፣ በጋን፣ መኸርንና ክረምትን እንዲወክሉ ነው። ማውጫው ብቻ ቢጫ ለበሰ። ጥራዞቹ በሁለት ሳንቃ መካከል ተደርገው በጥብጣብ ይታሰሩና ናንሙ ከሚባለው መልካም እንጨት በተሠራ ሣጥን ውስጥ ይገባሉ። በቤጂንግ ቤተ መንግሥት ለዚሁ የተሠራው የዌንዩዋን ሕንፃ እንኳ ጣሪያው በጥቁር ሸክላ ተከድኗል፤ ጥቁር በቻይናውያን እምነት የውኃ ቀለም ነውና እሳትን ይከላከላል ተብሎ። የሕንፃው ንድፍ የተወሰደው ደግሞ በኒንግቦ ከሚገኘው ከፋን ቤተሰብ የግል መጽሐፍ ቤት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከግለሰብ ለመማር አላፈረም።

በእነዚያ መደርደሪያዎች መካከል የሚቆም ሰው ያለ ማውጫ ዕውቀትን በቀለም ማንበብ ይችላል። እስከዚህ ድረስ ሥራው እጅግ የተሳካ ነው። ይሁን እንጂ ቅርጽን ከይዘት ነጥሎ የሚመዝን ሂስ ግማሽ ሂስ ነው። መጻሕፍቱ ከመላው አገር የተሰበሰቡበት ዘመቻ ያው ራሱ የምርመራ ዘመቻ ነበር። የማንቹን ሥርወ መንግሥት ይነካሉ የተባሉ ከ2,000 በላይ መጻሕፍት ተከለከሉ፣ ብዙዎቹም ተቃጠሉ። በስብስቡ ውስጥ የገቡትም ቢሆኑ «አረመኔ» የሚል ስሜት ያላቸው ቃላት እየተፋቁ በሌላ እየተተኩ ነው የተገለበጡት። ቀዩ ሐር የሸፈነው የታሪክ ክፍል ያልተነካ ታሪክ አይደለም። በመጻሕፍት ላይ የተፈጸመው ቆረጣ ከሽፋኑ ውበት ጋር የተቃረነ አድርጎ መመልከት የዋህነት ይሆናል፤ አንዱ ለሌላው ያገለግል ነበር። ሁሉም ጥራዝ አንድ ቁመት፣ አንድ ወርድ፣ አንድ ዓይነት ሐር ሲለብስ በመጻሕፍቱ መካከል የነበረው የዘመን፣ የቦታና የሐሳብ ልዩነት ይጠፋል። የዐመፀኛው ጽሑፍ ከሹሙ ጽሑፍ ጋር አንድ መለዮ ለብሶ ይሰለፋል። የዮንግሌ ዳዲየን ቢጫ ሐር ያቀፈው አብዛኛውን እንዳለ የተቀዳ ጽሑፍ ስለነበረ በሲኩ ዘመን የነበሩት ሊቃውንት ራሳቸው ከሌላ ቦታ የጠፉ ብዙ መጻሕፍትን ያወጡት ከእሱ ነው። የሁለቱ ጥራዞች ልዩነት እዚህ ላይ ነው እንጂ በግምጃው ዋጋ አይደለም።

የሉ ፌይቺ ቅጣትም ትርጉሙ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ለቃላት ስሕተት የተቀጣው በሽፋን ዋጋ ነው። የሥራ ባልደረባው ሉ ሺሾንግም በሼንያንግ ያለውን ቅጂ እንደገና ለማረም ሄዶ በ1792 እዚያው ሞተ።

የቅንጦቱን ጫፍ ለማየት የሚፈልግ በ1669፣ በካንግሺ ዘመን፣ በንጉሠ ነገሥቱ አያት ፍላጎት የተዘጋጀውን የቲቤት ቋንቋ የቡድሃ ቅዱሳት መጻሕፍት ስብስብ መመልከት አለበት። 108 ጥራዝ ነው። ጥቁር ሰማያዊ በተነከረ ወረቀት ላይ በወርቅ ቀለም ተጽፏል፤ ቅጠሉ ከ50,000 ይበልጣል። የውስጡ ሳንቃ በቅዱሳን ሥዕል፣ በሉልና በሌሎች የከበሩ ድንጋዮች ያጌጠ ነው፤ የውጩ ሳንቃ ቀይ ቅብ አለው፤ በላዩም ሐር በሐር ይጠቀለላል። የአንዱ ጥራዝ ክብደት 50 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ሥዕሉም ጽሑፉም የብርቱ እጅ ውጤት መሆኑ አያጠራጥርም። ግን መጽሐፍ ነውን? ለማንሣት ብቻ ሁለት ሰው የሚፈልግ፣ ለማንበብ ሳይሆን ለበረከት የተዘጋጀ ዕቃ ከመጽሐፍነት ይልቅ ለታቦት ይቀርባል። የጥረዛ ጥበብ እዚህ ላይ ወደ አንጥረኛነት ተለውጧል። ከጄድ ድንጋይ ሰሌዳ ላይ ተቀርጸው በወርቅ ስለተሞሉት የቺየንሎንግ ዘመን «መጻሕፍት»ም ከዚህ የተለየ ፍርድ መስጠት ያስቸግራል።

እነዚህን ሁሉ የሠራው ማን ነው? በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱ የእጅ ሥራ ቤቶች ነበሩ፤ ከእነሱም አንዱ የሣጥንና የልባጥ ክፍል ነው። የኅትመቱን ሥራ የሚያካሂደው የዉዪንግ አዳራሽ ደግሞ ከ1680 ጀምሮ የራሱን ባለሙያዎች ያሠማራ ነበር። ጥሩ ጥሩ እጅ ያላቸው ሠራተኞች በብዛት ከደቡብ፣ ከሱጆና ከአካባቢዋ፣ ይመጡ ነበር። ሐሩም የሚመጣው ከዚያው ነው፤ በናንጂንግ፣ በሱጆና በሀንጆ የቤተ መንግሥቱ ሽመና ቤቶች ነበሩና። በ1734 በዚችው ሱጆ ሹማምንቱ ሸማኔዎች ሥራ እንዳያቆሙ ለዘለቄታው የሚከለክል የድንጋይ ሐውልት አቁመዋል። ሐውልቱ የተነሣው በግል ባለሀብቶች ሥር በሚሠሩት ሸማኔዎች ላይ ነው። ሆኖም ሐሩ ስለተሸመነባት ከተማ ከዐውደ ርእይ መጽሔት ይልቅ ይህ ድንጋይ የበለጠ ይናገራል። የሸማኔው ስም በታሪክ የሚገኘው ሲያምፅ ነው፤ ሲሠራ ግን አይገኝም።

የሰባቱ ቅጂዎች መጨረሻም ከዚሁ የሚተናነስ አይደለም። ሉ ፌይቺ ከኪሱ ያለበሳቸው የያንግጆና የጄንጂያንግ ቅጂዎች በታይፒንግ ጦርነት በ1850ዎቹ ሙሉ በሙሉ ጠፉ። የሀንጆው በ1861 ተበታትኖ ግማሽ ያህሉ ጠፋና በአካባቢው የነበሩ ዲንግ የተባሉ ወንድማማቾች የተረፈውን እየለቀሙ፣ የጎደለውን እያስገለበጡ አዳኑት። የዩዋንሚንግዩዋን ቅጂ በ1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ቤተ መንግሥቱን ዘርፎ ባቃጠለ ጊዜ አብሮ ጠፋ።

የኢትዮጵያ አንባቢ በዚህ ስፍራ አንድ የሚያውቀው ስም ያገኛል። በዚያ ዘመቻ ከእንግሊዝ ጦር ሁለት ክፍሎች አንደኛውን ያዘዘው ሮበርት ናፒየር ነበር፤ ከስምንት ዓመት በኋላ በመቅደላ ላይ የዘመተው ያው ራሱ ናፒየር። የመቅደላው ዘመቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም. መዋሉ ደግሞ የቁጥር መገጣጠም ነው፤ የአሠራሩ መመሳሰል ግን መገጣጠም አይደለም። በቤጂንግ የተዘረፈው ዕቃ ለወታደሩ ድርሻ እንዲሆን በሐራጅ እንደተሸጠ ሁሉ የመቅደላም ምርኮ በደላንታ ሜዳ ለሐራጅ ቀርቧል። ከዚያም 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገብተዋል። ሐር የለበሰውም ጥራዝ፣ በቆዳ የተደጎሰውም ብራና በአንድ ዓይነት ኢምፔሪያሊስት እጅ፣ በአንድ ዓይነት ደንብ ነው የተሸጠው።

ዮንግሌ ዳዲየንም በ1900፣ ቤጂንግ የሚገኙ የውጭ ኤምባሲዎች በተከበቡበት ወቅት፣ የተቀመጠበት የሃንሊን አካዳሚ በእሳት ሲጋይ ገሚሱ ነደደ፤ የቀረው በየእጁ ተወሰደ። ከጠፋው ጥቂቱ ተመልሷል። ሶቭየት ኅብረት በ1950ዎቹ 64 ጥራዞችን ለቻይና መለሰች፤ ምሥራቅ ጀርመንም በ1955 ሦስት መለሰች። ከዚያ ወዲህ ግን ጥራዞቹ በአብዛኛው የሚንቀሳቀሱት በገበያ ነው። በሐምሌ 2020 ፓሪስ ውስጥ ሁለት ጥራዞች ከ8 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሸጡ፤ የሐራጁ ቤት አስቀድሞ የገመተው ዋጋ አሥር ሺህ ዩሮ እንኳ አይሞላም ነበር። የሦስቱ ሙሉ የሲኩ ቅጂዎች መኖሪያ ደግሞ ታይፔ፣ ቤጂንግና ላንጆ ናቸው። የታይፔው ቅጂ ከ1983 እስከ 1986 በፎቶግራፍ ተነሥቶ በ1,500 ዘመናዊ ጥራዝ ታተመ። ለምርምር ትልቅ ውለታ ነው። ነገር ግን አረንጓዴው፣ ቀዩ፣ ሰማያዊውና ግራጫው ሐር፣ ሣጥኑና ጥብጣቡ ወደ እነዚህ ጥራዞች ሊሻገር አልቻለም። ተራው ተመራማሪ ቃሉን አገኘ፤ የእጅ ሥራው ግን እንደ ቀድሞው ከመስተዋት በስተጀርባ ቀረ።

በቤጂንግ የሚገኘው የቻይና ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ2002 በእጁ ያሉትን ከ160 በላይ የዮንግሌ ዳዲየን ጥራዞች ማደስ ሲጀምር አስቸጋሪ ጥያቄ ገጠመው። እንደ ወትሮው ሽፋኑን አላቅቆ፣ ጉንጉኑን አውጥቶ፣ ቅጠሉን አንድ በአንድ ጠግኖ መልሶ መጠረዝ ይቻል ነበር። እንዲህ ቢደረግ ግን ስሙ ያልታወቀው ጠራዥ በ1560ዎቹ የለጠፈው ጀርባ ይጠፋል። ስለዚህ አዳሾቹ መጽሐፉን ሳያፈርሱ ለመሥራት ወሰኑ። ቅጠሉ የታጠፈ በመሆኑ ውስጡ እንደ ከረጢት ክፍት ነው። በዚያ ክፍተት ቀጭን መሣሪያ ያስገቡና ማጣበቂያ የተቀባችውን የጥገና ወረቀት በተቀደደው ስፍራ ሥር ከውስጥ ያሳርፏታል፤ ከላይ በእጃቸው ቀስ አድርገው ይጫኑና እስክትደርቅ ይጠብቃሉ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ቅጠል ይሻገራሉ።